በእርስዎ ፓስወርድ ስለሞትኩት ሞት

«ሲስተሙ አይፈቅድም፣ እኔ ምን ላድርግ» ብለው ማክሰኞ በሩን ለዘጉብኝ፣ ለቀበሌያችን መዝገብ ቤት ኃላፊ ለክቡር አቶ ፈየራ፦ አካም ጂርቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ከሞትኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ከዚያ ውጭ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ለሚያነበው ሕዝብ ነገሩ ይሄ ነው። ታላቅ ወንድሜ ኡመይር ሞተ፤ አላህ ይርሐመው። ሞቱን ላስመዘግብ ሄድኩ። እናንተ ቢሮ ደግሞ እኔን ሟች፣ እሱን አስመዝጋቢ አድርጋችሁ ጻፋችሁ። መንጃ ፈቃድ ላሳድስ ብል «ሟች ነህ» ተባልኩ። ከመርካቶ ባጃጅ ነጂ እኔን የሚቀድም እንደሌለ ተራ አስከባሪ ይመስክር፤ ሬሳ ግን አይነዳም ተብሎ ባጃጄ ቆማለች።

አንደኛ ምስጋናዬ፦ አምስት ሠራተኛ በእርስዎ ስም እንዲገባ ብለው ፓስወርድዎን ኪቦርዱ ሥር በፕላስተር ስለለጠፉልን። ማን ገደለኝ ብዬ ሳስፈትሽ የወጣው ስም የእርስዎ ብቻ ነው። ክብር ነው።

ሁለተኛ፦ ከዚያ ደንግጠው ለሁሉም የየራሱን መግቢያ ሰጥተው፣ ከማየት በቀር ሁሉንም ስለከለከሏቸው። የመዝገብ ሠራተኛዋ ነጅላ ስክሪኑን አዙራ «ይኸው ጣሪቅ፣ ሞተሃል። ማረም ግን ለኔ አልተፈቀደም፣ ወላሂ» አለችኝ። የሚያርሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቢያርሙ ደግሞ ስህተቱ በስምዎ ይወጣል። ስለዚህ ሲስተሙ አይፈቅድም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ይሄ ግን ከእርስዎ በላይ ገብቶኛል። ባጃጄን ማንም ያያል፣ የፈለገ ይሳፈራል፣ ቁልፉን ግን ለመንደሩ ሁሉ አላድልም። አንዴ ተጋጨሁ ብዬም ተሳፋሪ አላባርርም። ለነጅላ ማረም ይስጧት፣ መሰረዝ እርስዎ ጋ ይቆይ፣ ሁሉም በየስሙ ይግባ። አለቀ።

ሦስተኛው ምስጋና የእማዬ ነው። ኡመይር እናንተ ጋ በሕይወት አለ። ይሄን ሰምታ ሰኞ ሰኞ ትመጣለች፣ ነጅላ ፎቶውን ከፍታ ታሳያታለች። አይታ ትመለሳለች።  እኔ ሟች ነኝ፤ የሚሰማኝ ነገር የለም።

በሕይወት ሳለሁ ከነበረኝ በበለጠ አክብሮት፣
ሟች ጣሪቅ፣ የባጃጅ ሹፌር

ተጨማሪ፦ ከሟቾች መዝገብ እኔን አንስተው ኡመይርን በቦታዬ ሲያስገቡ፣ ለእማዬ ማየት ይፍቀዱላት። ማረም አትጠይቅዎትም። እስከ ሐሙስ መልስ እፈልጋለሁ።