በንፋስ መውጫ ጠላ ቤት የተመታው ሪጎሬ

ይድረስ ለሸዋንግዛው፣

የዚህ ፖስት ካርድ ሥዕል የጎንደር ግንብ ቢሆንም የምጽፍልህ ከንፋስ መውጫ፣ ከወይዘሮ ሐረገ ወይን ጠላ ቤት ነው። የእሑዱን የእግር ኳስ ጨዋታችሁን እዚህ በራዲዮ ሰማን። የእኛ ሰፈር ቡና ቤት ቢሆን ጠረጴዛው ይደበደብ ነበር፤ እዚህ ግን ራዲዮው ሲናገር ጣሳ እንኳ የሚቀመጠው በቀስታ ነው። «ያ ልጅ ጓደኛዬ ነው» ብላቸው የማን ልጅ እንደሆንክ ጠየቁኝ፤ እስከ አያትህ ቆጠርኩላቸው።

ልክ ሪጎሬውን ልትመታ ስትል የራዲዮው ድምፅ ሰለለና ጠፋ። ወይዘሮ ሐረገ ወይን የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ደመና ሲመጣ ደግሞ ከጠጪዎቹ መካከል የነበሩት መሪጌታ ገብረ መድኅን ከጋቢያቸው ሥር ብብታቸው ውስጥ ከተው አሞቋቸው፤ እኛም ዙሪያቸውን ቆመን ጠበቅን። ራዲዮው ነፍስ ሲዘራ ጨዋታው አልቆ ዘፈን ይዟል።

ማግባትህን ወይም መሳትህን የሚነግረን ጠፋ። መሪጌታ ግን «እስከ አያቱ የምናውቀው ልጅ እንዴት ይስታል? አግብቷል!» ብለው ፈረዱ። እልልታው ቀለጠ። እኔንም እንደ ወላጅህ እያገላበጡ ሳሙኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ለሰፈር ልጆችም ናፍቆቴን ንገርልኝ። ስተህ እንደሆነ ግን አደራህን በካርድ አትጻፍልኝ፤ ካርድ ሲመጣ መሪጌታ ጮክ ብለው ለቤቱ ሁሉ ያነቡታል። በደንብ በታሸገ ፖስታ ላክልኝ፣ እኔም አንብቤ አቃጥለዋለሁ። እዚህ አግብተሃል።

ወንድምህ ጌታነህ