የእናታችን ትምህርትና የእኔ ኒካህ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዳሂር፣ አሰብ ወደብ፤

የአሰብ ሙቀት እንዴት ያደርግህ ይሆን? የድሬዳዋን ፀሐይ ስናማርር ከእናንተ ዘንድ የመጣ አንድ ሾፌር «እናንተማ ጥላ ውስጥ ነው ያላችሁት» ብሎ አሳፈረን። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጎንህ ውጋት ተወህ ወይስ አሁንም ይመላለሳል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ባለቤትህ በሰላም ከአራስ ቤት ወጣች? ልጁስ ፊቱን ወደ ማን አዞረ፣ ወደኛ ነው ወደነሱ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልዘጋው ግን ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር አለ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ የአጎታችን የአብቲ ሲያድም ሳይደርስህ አይቀርም። የሱን ቀድመህ ከፍተህ እንደሆነ፣ እባክህ የኔን ጨርሰህ ሳታነብ ብዕር አታንሳ። እሱ የሚጠይቅህ እናታችን ሆዮ ትምህርቷን እንድትተው እንድታዛት ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናታችን ያንተን ቃል እንደማታልፍ ያውቃል። እኔ ደግሞ የምለምንህ እንዳታዛት ነው። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ።

ሆዮ በመስከረም የማታ ትምህርት መግባቷን ጽፌልህ ነበር። ልጅ ሳለች አያታችን ምድር ባቡር ይሠራ ስለነበር ከሠራተኛ ልጆች ጋር አስገብቷት ሁለተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ ከዚያ የአባታችን ሽማግሌዎች መጥተው ከወንበሯ በቀጥታ ወደ ጫጉላ ቤት እንዳስገቧት ስንት ጊዜ ስታወራ ሰምተናል። እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ አሁን ሳስበው ግን ሳቅ አልነበረም። ይኸው ከነሽበቷ ሦስተኛ ክፍል ገባች።

ቀን ቀን ቀፊራ ገበያ ጨርቋን ትሸጣለች። ቀትር ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲያንቀላፋ፣ እኔም ከዚራ ሰፈር ከምሠራበት ከግሪኩ ሱቅ ስመለስ፣ ግቢያችን ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፈን እናጠናለን። መስመሩን እንደ ጨርቅ በክንዷ እየለካች ነው የምታነበው፤ «ይሄ ረጅም ነው፣ ትንፋሽ ልውሰድ» ትለኛለች። ጎረቤታችን ሽታዬ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ፋዱሞ፣ ዘንድሮ ለየትኛው ባል ብለሽ ነው የምትማሪው?» ስትላት፣ ሆዮ ቀና ሳትል «ላንቺ ባል ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፤ እስቲ ማታ ማታ ቤቱ ይግባ ብዬ» አለቻት። ሽታዬ ስቃ ሄደች፤ ሳምንት ግን ብቅ አላለችም።

እስከ ገና ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከገና በኋላ መምህራቸው አቶ አለምብርሃን ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። በቦታቸው ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ዓብዱልአዚዝ። አዎ፣ ያው አምና አንተ ራስህ ፈቅደህ ቃል የታሰረልኝ እጮኛዬ። መጀመሪያ እኔም ስቄ ነበር።

እንግዲህ በኛ ወግ አማትና አማች ፊት ለፊት እንደማይተያዩ፣ ስም እንደማይጠራሩ አንተ ታውቃለህ። መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ እንኳ አንዱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ሌላውን ያሳልፋል። ሆዮ ያን ቀን እሱን ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ስታይ፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ ከዳቦ ጋጋሪው ከዒልሚ ትከሻ ኋላ ተሸሸገች። ዒልሚን ታስታውሰዋለህ፣ ግመል የሚከልል ሰው ነው። ንባቡ በተራ ሲዞር ዓብዱልአዚዝ ዒልሚን ያስነብብና ሆዮን ዘሎ ከኋላዋ ያለውን ይጠራል። አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቶ ጠበቃት አሉ። ቆመች፣ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ሰሌን ላይ ሳትደናቀፍ ያነበበችውን ገጽ ነበር እኮ።

የካቲት መጨረሻ ላይ የመንፈቅ ፈተና ሆነ። ፈተናው ቆሞ ማንበብ ነው። ሁሉም እየተነሱ አነበቡ፤ አንዳንዱ አለፈ፣ አንዳንዱ ወደቀ። በመጨረሻ ዓብዱልአዚዝ መስኮቱን እያየ «ጥግ ያሉት እናትም አልፈዋል» አለ። ከዚያ ዒልሚ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ግን እንደ ምድጃው መዝጊያ የለውም፣ «አቦ፣ እኛ የምንድራት ልጅ ስለሌለችን ነዋ የምንለፋው» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሆዮ ቤት ስትገባ እራት አልቀመሰችም። መጽሐፏን ከሳጥኑ ሥር፣ ከአባታችን ልብሶች በታች አስቀመጠችው። «ዒልሚ ላቡን አፍስሶ አለፈ፤ እኔ ተመጸወትኩ» አለችኝ። ቀጥላም «መጀመሪያ የራሴ ሠርግ አስወጣኝ፣ አሁን ያንቺ ያስወጣኛል። ግድ የለም ልጄ፣ ሠርግ ደስታ ነው» አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንደ ዋዛ ስለተናገረችው ነው አንጀቴን የበላው።

በማግስቱ ዓብዱልአዚዝን ሱቁ ደጃፍ አገኘሁትና ምን ነክቶህ ነው አልኩት። «ታዲያ የእናትሽን ስም ጠርቼ ተነሺ ልበላት? እጅህን ቁረጥ ብትዪኝ ይቀለኛል» አለ። ሌላ መምህር ይተካህ ስለው፣ ጠይቆ እንደነበርና ሰው እንደሌለ፣ እሱ ከወጣ ክፍሉ እንደሚዘጋ ነገረኝ። ያን ሁሉ ጎልማሳ በእናቴ ምክንያት ሜዳ ላይ ልበትን? በዚህ መሐል አብቲ ሲያድ ወሬውን ሰምቶ እየነደደ መጣ። «ሽበት አውጥታ ከአማቿ ፊት የምትቆም እህት የለኝም፤ ትምህርቱ ይቅር፣ ኒካሁም ከአረፋ በኋላ ይታሰር» አለ። ሆዮ አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለችው።

ያ «እሺ» አላስተኛኝም። አየህ ወንድሜ፣ አማችነቱ ከሌለ ነውሩም የለም። አክስታችንን ቱሪያን ጠርቼ እነ ዓብዱልአዚዝ የላኩልኝን የሐር ሻሽ፣ ሽቶና ቀለበት መልሺልኝ፣ ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ በያቸው አልኳት። «ቃል የመለሰች ልጅ እንደ በረደ ሻይ ናት፤ የሚያማስላት ብዙ ነው፣ የሚጠጣት የለም» አለችኝ። ቢሆንም ይዛው ሄደች። እሱ ወደ ግቢው ወጥቶ ቆየ አሉ። እናቱ ግን ጊዜ አላጠፋችም፣ ከጅጅጋ የእህቷን ልጅ ለሚስትነት ልታስመጣለት መሆኑን ገበያው ሁሉ እያወራው ነው።

ሆዮ ስትሰማ «ማን ጠየቀሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም አብቲ ሲያድ ሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል እያለ አንቺ እኔን ትምህርት ቤት ስታስገቢ ማንን ጠየቅሽ አልኳት። ለቀናት አላናገረችኝም። በኋላ ሰኞ ማታ መጽሐፉን ከሳጥን አውጥታ «የደቻቱን ወንዝ አሻግሪኝ» አለችኝ።

ክፍሉ ደጃፍ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ዓብዱልአዚዝ በጠራ ድምፅ «ፋዱሞ ሮብሌ» ብሎ ጠራ። ሆዮ ተነሳች። መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተስተካከለ። መሐል ላይ ስትደርስ «ይቁሙ፤ መስመር ዘለዋል። ከላይ ይጀምሩ» አላት፤ ልክ ዒልሚን በሚቆጣበት ድምፅ። ከላይ ጀመረችና እስከ መጨረሻው ተወጣችው።

ስንመለስ የደቻቱን አሸዋ እየረገጠች እንደ ልጅ ስታወራልኝ መጣች። «ሰማሽ እንዴት እንደተቆጣኝ? ምንም አላዘነልኝም እኮ» ትላለች ደስ ብሏት። ሰምቻለሁ አልኳት። እስከዚያች ሰዓት በልቤ ጥግ ይጠብቀኝ ይሆናል የምትል ነገር ነበረች። ያን ቁጣ ስሰማ ነው ማለቁን ያመንኩት።

ስለዚህ ዳሂር፣ የከፈልኩትን ከንቱ አታድርግብኝ። ለአብቲ ሲያድ የፈለግኸውን ማባበያ ጻፍለት። ለሆዮ ግን ትማር ብለህ ጻፍ፣ ፊደሉንም ተለቅ አድርገው፤ ራሷ ታነበዋለች።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። ሆዮ ዓይንህን ስማሃለች። ቱሪያ በብርቱ ትናፍቅሃለች። ሽታዬም ኩርፊያዋን ትታ ሰላም በይልኝ ብላለች። ድሮ በየደብዳቤዬ ግርጌ ዓብዱልአዚዝ ሰላም ብሎሃል እል ነበር፤ ዛሬ ሰላምታው የለኝም።

እህትህ ቀመሪያ
ድሬዳዋ፣ መጋላ
ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም.