በወኪሏ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት

ግሌኒስዬ፣

ሜልበርን ነው ያለሁት። ልቦለዴን ለአሳታሚ የሚያቀርብልኝ ወኪል ፍለጋ እዚህም ያው ነው፤ ልዩነቱ እምቢታው በኢሜይል ሳይሆን ፊት ለፊት መሆኑ ብቻ። ደራሲዎች ተራ በተራ እየገባን፣ ደወል እስኪደወል ድረስ ታሪካችንን ለወኪሏ እንናገራለን። እኛ ከተማ፣ በርኒ ቢሆን ሰውን በሹራቡ እለየዋለሁ። እዚህ ግን ሁሉም ጥቁር ለብሶ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ስለዚህ ጠረጴዛው ጋ ያገኘኋት ሴት ወኪሏ መስላኝ የደሴታችንን የሁለቱን እህትማማቾች ታሪክ ዘረገፍኩላት። ሳንድዊቿን መብላት አቆመች። ደወሉ ሲደወል፣

«የኔ እናት፣ እኔም እንዳንቺ ወኪል ፈላጊ ነኝ። ጫማዬ አሰቃይቶኝ ነው እዚህ የተቀመጥኩት» አለችኝ።

በንዴት ጨስኩ። እውነተኛዋ ወኪል ከሻይ ተመልሳ ታሪኩን ቆማ ባጭሩ ሰማችኝና «የደሴት ታሪክ ገበያ የለውም» ብላ ሸኘችኝ። በሩ ጋ ስደርስ ያቺ ሴትዮ ጫማዋን በእጇ ይዛ እያነከሰች ደረሰችብኝ።

«ኧረ ቆይ፣ ታናሽየዋ ተመለሰች?»

«ሲታተም ገዝተሽ አንብቢ» አልኳት።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ልጄን ኪትን ሳሚልኝ፣ ዶሮዎቼን አደራ። አንቺም መጨረሻውን ለማንም እንዳትናገሪ።

ያንቺው ሎረል