እማዬ አልቅት ታሳድጋለች

ውድ እህቴ ኔሊዳ፣

ለእማዬ ያዘጋጀሽላትን ክፍል በላክሽው ፎቶ አይቼዋለሁ። ቀለሙ ደስ ይላል። ግን እማዬ አትመጣም። እንዳትቆጪ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አባባ ከሞተ በኋላ ምን እንደሆነች አንቺም አይተሻል። ስትሄጂ በር ድረስ እንኳ አልሸኘችሽም። ጠዋት አልነሳም ትላለች፤ የጋገርኩላትን የአይብ ዳቦ፣ ቺፓዋን፣ ቆርሳ ለዶሮ ትበትናለች። ሮሳሪዮ ከተማ አንቺ ዘንድ ብትሄድ ይሻላት ይሆናል ብዬ፣ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ማጠፍ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ልናጥብ ረግረጉ ዳር ወረድን። ከውሃው ስትወጣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አልቅት ተጣብቆባታል። ጨው ላመጣ ስሮጥ ጮኸችብኝ።

"ተይው! እንግዳ ከማዕድ ይነሳል እንዴ?"

ጠግቦ በራሱ እስኪወድቅ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ከዚያ አነሳችና አፈ ሰፊ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከነረግረጉ ውሃ ከተተችው።

"እማዬ፣ ምን ልታደርጊው ነው?"

"ላሳድገው።"

"ሰው እኮ የሚያሳድገው ውሻ ነው!"

"ውሻ ይጮኻል። ይሄ ዝም ብሎ ያዳምጣል።"

አልቅቷንም ፔትሮና ብላ ሰየመቻት። ኔሊዳ፣ ብታዪ አታምኚም፤ ከዚያ ወዲህ እማዬ ከኔ ቀድማ ነው የምትነሳው። የቧንቧ ውሃ ይጎዳታል ብላ ባልዲ ይዛ ረግረግ ትወርዳለች። የማቴ ሻይዋን እየጠጣች የመንደሩን ሐሜት ታወራላታለች። ፔትሮና ውሃው ውስጥ እንደ ሪባን ስትጥመለመል፣ "እያት፣ ስትጨፍር!" ትለኛለች።

ባለፈው ወር ታዲያ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ አገኘነው። አፉ ላይ ያሰርነው ጨርቅ ላልቶ ኖሯል። እማዬ ተንበርክካ አልጋ ሥር፣ ምድጃ ሥር ፈለገች። ስታጣት ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። በአባባ ቀብር እንባ ያልወጣት እማዬ፣ "ሁሉም እየተወኝ ይሄዳል" እያለች ተንሰቀሰቀች። አቀፍኳት። ስለ አባባ፣ ከሞተ ጀምሮ አንስተን የማናውቀውን ሁሉ እዚያው አወራን።

እንባችንን ሳንጠርግ ከበረንዳው ጩኸት ሰማን። ጎረቤታችን ኤውሴቢዮ ነው። ታንኳውን ሲያስር እርጥብ ቦት ጫማውን ሁልጊዜ እኛ በረንዳ ላይ እንደሚተው ታውቂያለሽ።

"ኧረ ድረሱልኝ! ጫማዬ ውስጥ የሆነ ነገር የእግር ጣቴን ያዘኝ!"

እማዬ ሮጠች። ሮጠች እልሻለሁ!

"እንዳትነካት! ምሳዋን ትጨርስ!"

"እትዬ ዴኦሊንዳ፣ ምሳው እኮ እኔ ነኝ!"

"ታድለህ! ሌላ ማን ይፈልግሃል?"

ይህን ብላ በሳቅ ፈረሰች። የበረንዳውን ምሰሶ ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ያ የድሮ ሳቋ! ኤውሴቢዮ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ፔትሮና እስክትጠግብ ጠበቀ። እማዬ ቺፓ አቀረበችለት፤ አብራውም በላች። ዶሮዎቹ ያን ቀን ምንም አላገኙም።

በቀደም ደግሞ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ "ኤርሲሊያ! ነይ!" አለችኝ። ፔትሮና እንደ ክር የቀጠኑ ልጆች ሆዷ ሥር ታቅፋለች!

"አባትየው ማነው?" አለ ኤውሴቢዮ።

"ደምህን የሰጠሃት አንተ አይደለህ? በል ስም አውጣ!"

ያኔ ስለ ሮሳሪዮ ጠየቅኳት።

"አራስ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ኔሊዳ ትምጣ እንጂ!"

ልብሷን ከሻንጣ አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ስሰቅል ለካ እየዘፈንኩ ነበር፤ እማዬ ናት ከጓዳ "ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ሕፃናት አሉ!" ያለችኝ።

ለገና ልጆቹን ይዘሽ ነይ። እማዬ ለያንዳንዱ ሰው ከግልገሎቹ አንድ አንድ አድላለች። ያንቺ ትንሿ፣ አርፋ መቀመጥ የማታውቀው ናት፤ ስሟም ኔሊዳ ሆኗል። የመጀመሪያ ምሳዋን የምትበላው ከሞክሼዋ ክንድ ነው ብላ እማዬ ቆርጣለች። አጭር እጅጌ ለብሰሽ ነይ።

በሳቅና በናፍቆት የምትጠብቅሽ እህትሽ፣
ኤርሲሊያ