ማሽኑ ስላልቆመ ስህተቱ ቀላል ነው

ለተከበሩ አቶ ሱፍዋን፣
የለምለም ቆላ የእርሻ መሣሪያዎች አከራይ ድርጅት የውልና የቅሬታ ክፍል ኃላፊ፣
ሸዋ ሮቢት

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? በዚህ ሙቀት ቢሮዎን የሚያቀዘቅዝልዎ ማራገቢያስ ደህና ይሠራል? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ አሥሩንም ጣቶችዎን ይጠብቅልዎ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ የሚወራውን አንድ ወሬ ማረም ይገባኛል። ባጃጅ ተራው ላይ «እትዬ ራቢዓ ትናንት ማክሰኞ የኃላፊውን አፍንጫ በምርኩዝ ሰበሩት» እየተባለ ነው አሉ። ውሸት ነው። ምርኩዜ ያረፈው በጠረጴዛዎ መስታወት ላይ ነው። አፍንጫዎ የደማው እርስዎ ከወንበርዎ ሲፈናጠሩ ከፋይል መደርደሪያው ጋር ስለተላተሙ ነው። ሰባ አምስት ዓመት ሰው ሳልመታ ኖሬያለሁ፤ ማክሰኞም አልመታሁም። ለመምታት አስቤ እንደነበረ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ብጠየቅ ኖሮ አልዋሽም ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። እኛ አሥራ አራት ሴቶች በማኅበር ሆነን ማሾ የሚባለውን አረንጓዴ ጥራጥሬ እንዘራለን። በመስከረም ወር ከድርጅትዎ አንድ የመውቂያ ማሽን ከነሠራተኛው ለመከራየት ተስማማን። ዘጠኝ ገጽ ያለውን ውል ለሴቶቹ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ንባብ የተማርኩት በአለንጋ ነው፤ አንድ ቃል የዘለለ ተማሪ አንድ ግርፋት ይቀበል ስለነበር ሴቶቹ የእኔን ንባብ ያምናሉ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ፈርመን ስናበቃ እንደ ወጋችን የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሃ ተቀራበት፣ ፊታችንንም በእጃችን አበስን። ፋቲሃ የተቀራበት ስምምነት ደግሞ ተመልሶ አይነካም። ልክ በዚያች ሰዓት የወንድሜ ልጅ ሳሚያ ከኋላ ሆና «እትዬ፣ አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ ያለው፣ ማሽኑ ሰው ቢበላስ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ ሳቁ። ከመካከላቸው ፈሪሃ «አንቺን የበላ ማሽን ሆዱን ይቆርጠዋል!» አለቻት። እኔ አልሳቅሁም፤ ተቆጣኋት እንጂ። ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር የቀረበ ነገር ለቢሮዎ እንደሚመች አውቃለሁና።

፩ኛ. ስለ አንቀጽ አሥራ አንድ። «ከባድ ስህተት ማለት ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ የሚያደርግና አማራጭ መፍትሔ የሌለው ጉድለት ነው። መካከለኛ ስህተት ማለት የማሽኑን የቀን ምርት ከግማሽ በታች የሚያወርድ ጉድለት ነው። ቀላል ስህተት ማለት ማሽኑ ሥራውን እየቀጠለ በተጠቃሚው ላይ አለመመቸት የሚፈጥር ጉድለት ነው።» ከባዱ በሃያ አራት ሰዓት፣ መካከለኛው በሰባት ቀን፣ ቀላሉ በሚቀጥለው መደበኛ ጥገና ይስተካከላል ይላል፤ ይኸውም በሰኔ ወር ነው። በጣም የጠራ አማርኛ ነው፤ አመሰግናለሁ። ይህን አንቀጽ የጻፈው ሰው ስለ ማሽኑ ሕመም እንደ እናት ተጨንቆ አስቧል። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አርባ ጊዜ ያህል አነበብኳቸው፤ ሰው የሚባል ፍጡር አላገኘሁባቸውም። «ተጠቃሚ» የሚል ብቻ አለ፤ እሱም ቢበዛ አይመቸውም እንጂ አይደማም።

፪ኛ. ስለ ማቆሚያው ዘንግ። ማሽኑ በመጣ በመጀመሪያው ቀን የማቆሚያው ዘንግ እንደላላ አየን። የማሽኑ ሠራተኛ ኢብሮ በሽቦ አሰረው፤ ምስኪን ሌላ ምን ያድርግ? በዚያው ዕለት ለቢሮዎ ስልክ ደወልን። ጉድለቱ መመዝገቡንና ማሽኑ እየሠራ በመሆኑ ቀላል መሆኑን፣ ደግሞም አማራጭ መፍትሔ እንዳለው በትሕትና ተነገረን። መፍትሔው ዘንጉ እምቢ ካለ ከኋላ ዞሮ የናፍጣውን መዝጊያ በእጅ ማጥበቅ ነው። በእጅ።

በአራተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሳሚያ የማሾውን አገዳ ለማሽኑ ስታጎርስ የሸሚዟ እጅጌ ተያዘ። መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ነው፤ አንድ ሰው በስሟ የጠራት ይመስል ዞር አለች። ከዚያ ጮኸች። ኢብሮ ዘንጉን ሳበው፤ ዘንጉ ከነሽቦው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። እየሮጠ ወደ ኋላ ዞረ። እኔና ፈሪሃ ወገቧን ይዘን ወደ እኛ እንስባለን፣ ማሽኑ ወደ ራሱ ይስባል። አቶ ሱፍዋን፣ ማሽንዎ ከእኛ ይልቅ ብርቱ ነው፤ ለጥንካሬው ምስክር ከፈለጉ እኔ አለሁ። አጥንት ሲፈጭ ከአገዳ ድምፅ ይለያል። ኢብሮ ናፍጣውን እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ሦስት ቆጠርኩ፤ ለምን እንደቆጠርኩ አላውቅም። በእነዚያ ሃያ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ በማሽኑ መውጫ በኩል ማሾው መውጣቱን አላቆመም። አረንጓዴ ሆኖ አልወጣም።

ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪሞቹ ቀኝ እጇን ከክርኗ በታች ቆረጡት።

፫ኛ. ስለ መልስዎ። በደብዳቤ ጠይቀንዎ በደብዳቤ መለሱልን፤ መልስ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት በበዛበት ዘመን ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ይላል፦ «ማሽኑ በዕለቱ ናፍጣው እስኪዘጋ ድረስ ያለማቋረጥ የሠራ፣ ሞተሩም ምንም ጉዳት ያልደረሰበት በመሆኑ፣ እንዲሁም አማራጭ መፍትሔው በሥራ ላይ ውሎ ውጤት ያስገኘ በመሆኑ፣ ጉድለቱ በቀላል ስህተትነቱ ይጸናል።» ማክሰኞ ቢሮዎ የመጣሁት ይህ ደብዳቤ በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን ለመጠየቅ ነበር። ፊርማውን አይተው «የኔ ነው እትዬ፣ ውሉ እኮ እንደዚህ ነው የሚለው፤ አንቱም አንብበው ነው የፈረሙት» አሉኝ። መስታወቱ የተሰበረው በዚህ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ምርኩዜ ዛሬም ሥራውን እየቀጠለ በመሆኑ በራስዎ አተረጓጎም የደረሰብዎ አለመመቸት ብቻ ስለሆነ፣ አፍንጫዎን እስከ ሰኔ ድረስ በትዕግሥት እንዲጠብቁት እለምናለሁ።

፬ኛ. ለሳሚያ የላኩላት የደንበኞች እርካታ መጠይቅ ደርሷታል። ከታች «ፊርማ ወይም የቀኝ አውራ ጣት አሻራ» ይላል። አላህ ይስጥልን።

፭ኛ. ይህኛው በእርስዎ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው። «አንብበው ነው የፈረሙት» ያሉት እውነት ነው። ሳሚያ በአንድ አፍታ ያየችውን እኔ ዘጠኝ ገጽ አንብቤ አላየሁትም፤ ልጅቷ ስትጠይቅም አፏን ያስዘጋኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ሳሚያ ከሰው ጋር አትበላም። በግራ መጉረስ አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ሼኹ መጥተው ለእሷ ነውርም ኃጢአትም የለበትም ብለዋታል፤ ሰማቻቸው፣ አመሰገነቻቸው፣ ግን አልዞረችም። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ያጎረስኳት ልጅ ናት። እውነቱን ልንገርዎና፣ በየሶላቱ ማብቂያ እጄን ዘርግቼ አላህ እርስዎን ከእኔ እንዲጠብቅዎ እለምነዋለሁ። እስካሁን ዱዓዬ ተሰምቷል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለሳሚያ እጅ ምትክ የሚሆን ነገር ድርጅትዎም ሆነ ዓለሙ ሁሉ ስለሌለው እሱን አልጠይቅም። ያው ማሽን ታጥቦ፣ ዘንጉ እንደገና በሽቦ ታስሮ፣ ካራቆሬ መግባቱን ኢብሮ ራሱ መጥቶ እያለቀሰ ነግሮኛል። ነገ ሐሙስ ጠዋት ሰሀር የምትባል ሴት በምትመራው ማኅበር አውድማ ላይ ማሽላ መውቃት ይጀምራል። ዘንጉ ሳይጠገን ሞተሩ እንዳይነሳ ይዘዙ። በአንቀጽ አሥራ አንድ ላይም ሰውን ያቆሰለ ወይም ሊያቆስል የሚችል ጉድለት ሁሉ፣ ማሽኑ ቢቆምም ባይቆምም፣ ከባድ ስህተት ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ወረቀት ካነሰዎ እኔ አመጣለሁ።

ማሽንዎ ለሚያሳየው የማይበገር ትጋት፣ ውልዎ ለሚያሳየው የማይነቃነቅ ጽናት፣ እርስዎም ለሁለቱ ለሚያሳዩት ታማኝነት ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከጠረጴዛዎ መስታወት በቀር ምንም ያልሰበርኩ አገልጋይዎ ነኝ።

ራቢዓ አብዱልሀኪም
የማሾ አምራች ሴቶች ማኅበር አባልና የውሉ አንባቢ

ተጨማሪ፦ ነገ ለሚያደርጉት ዝግጅት እንዲረዳዎ የእኔን አስቀድሜ አሳውቅዎታለሁ። የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስኩ የሳሚያን ፀጉር አበጥሬ እጎነጉናለሁ፤ በአንድ እጅ አይሆንላትም። ከዚያ ወደ ካራቆሬ በሚሄደው የመጀመሪያው ሚኒባስ እሳፈራለሁ። አውድማው እንደደረስኩ ለሰሀርና ለሴቶቹ አንቀጽ አሥራ አንድን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ አንብቤም ስጨርስ የምትጠይቅ ካለች እስክትጨርስ እሰማታለሁ። ቀጥሎ ነጠላዬን አጥብቄ ታጥቄ፣ ማሽኑ አፍ ፊት ባለው ማጉረሻ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ኢብሮ ሞተሩን አላስነሳም ብሎኛል፤ ስለዚህ ሌላ ሠራተኛ መላክ ይኖርብዎታል። የሚልኩትን ሰው ስምና የአባቱን ስም በወረቀት ጽፈው ያስይዙት፤ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ለሴቶቹ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።