ለክቡር አቶ ሙሉሃብት፦ ስለ ሎጅዎ የቀትር ጭፈራ

ክቡር አቶ ሙሉሃብት ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ በስልክ የሚታዘዘው ሎጅዎም ሁላችሁም ደኅና ናችሁ? እኛ ላሊበላ አጥርዎ ሥር የምንኖር ጎረቤቶችዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጆሯችን በቀር ደኅና ነን።

አዲስ አበባ ተቀምጠው የሎጅዎን መብራት፣ መጋረጃና ሙዚቃ በስልክዎ እንደሚያዝዙ ስንሰማ ላስታ እንዲህ ያለ ሰው በማፍራቷ ኮርተናል። ኩራታችን እንዳይጎድልብን ብቻ ጥቂት ነገር በትሕትና ላመልክት።

አንደኛ፣ ሙዚቃው እንግዶችዎ ከይምርሐነ ክርስቶስ ደክመው ሲመለሱ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲቀበላቸው አስበው ነበር አሉ። አሳቢነትዎ ያስቀናል። ነገር ግን ስልክዎ ላይ የሞሉት በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ነው፤ መሣሪያው ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅን ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በእኛ ስድስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በየበረንዳው በሰቀሏቸው ድምፅ ማጉያዎች እስክስታውን ያወርደዋል። እንግዶችዎ ያኔ ገና ተራራ ላይ ናቸው። የሚቀበለው እኛን ነው።

ሁለተኛ፣ ግቢዬ ውስጥ ድጓ የሚያስተምሩት የኔታ ወልደ ሩፋኤል ተማሪዎቻቸውን ዜማ የሚያስቀጽሉት በዚያው ሰዓት ነው። የልጆቹ አፍ ከድጓው ጋር ነው፤ ትከሻቸው ግን ከእርስዎ ዘፈን ጋር ሄዷል። የኔታ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ አለቀሱ፣ አሁን ደግሞ ይህ ነገር ካልቆመ እሑድ መጻሕፍቴን ይዤ ነአኩቶ ለአብ ገዳም እገባለሁ ብለዋል። እሳቸው ከሄዱ ተማሪው ይበተናል፤ እኔም እንደ አባት የማያቸውን ሰው አጣለሁ። አልደብቅዎትም፣ ይሄ አንገብግቦኛል።

ሦስተኛውን የምጽፈው ዘበኛዎን ደግሰውን ለማመስገን ነው። ለምነነው ሶኬቱን ነቀለልን፤ ማታ መልሶ ሲሰካው ግን መሣሪያው የድምፁን ልክ ረስቶ ኖሮ በማግስቱ እስከ ጥግ ጮኸ። ምስኪን ደግሰው፣ ማዘዣው ያለው ጌቶች ስልክ ላይ ነው እያለ ቆቡን ሲያሻሽ አንጀቴን በላው። በዚያው ስልክ ስንደውልልዎ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ሥራ ያብዛልዎ!

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አሥራ ሁለት ያሉትን አሥራ ስምንት ይበሉት። ከአንድ ጣት በላይ አያደክምዎትም።

የዘፈኖችዎን ተራ ሳትወድ በቃሏ የያዘችው፣ እጅ የምትነሳዎ ጎረቤትዎ፣
ሽታዬ ታፈረ

ማስታወሻ፦ የዋይፋይዎን የይለፍ ቃል ለመጣ ለሄደው ሁሉ በር ላይ ስለለጠፉ ይባረኩ። ትናንት የእኔም ስልክ መሣሪያዎን አገኘው። የሰው ዕቃ መንካት ነውር ስለሆነ እስካሁን አልነካሁም። የኔታ ተማሪ ሲገሥጹ ግን ድምፃቸውን ቀድቼ አስቀምጫለሁ። እሑድ የመጻሕፍት ማኅደራቸውን አንግተው ከሄዱ፣ እንግዶችዎን በየምሽቱ በየበረንዳው የሚቀበላቸው «አንተ ደንቆሮ፣ ድገም!» የሚለው ቁጣቸው ይሆናል። ስለ ሰዓቱ አይጨነቁ፤ እኔ በትክክል እሞላዋለሁ።