ተወቅጦ የተላከው ቅጠል

ለውድ እኅቴ እፀገነት ወልደ ጻድቅ፤ እንዴት ሰንብተሽልኛል? ባለቤትሽ ካሤስ፣ ልጅሽ ሊድያስ ደኅና ናቸው? የጅማን ዝናብ ለመድሽው ወይስ አሁንም ታማርሪዋለሽ? እኛ እንዳለን አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። በስልክ ስታወሪኝ አባታችን አጠገቤ ናቸው፤ ለብቻዬ ልደውልልሽ ስል ደግሞ እንባ ይቀድመኛል። ስለዚህ ይህን በጎረቤታችን በአሳምነው እጅ ልኬልሻለሁ።

የአባታችን የእግራቸው ቁስል ብሶባቸዋል። ሰቆጣ ሆስፒታል ካስተኛናቸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ሐኪሙ ተህዋሲው መድኃኒቱን ሁሉ ስለለመደ እግሩ መቆረጥ አለበት ብሎኛል። እሳቸው ገና አልሰሙም። እናታችን ግን ሰምታ እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ ነው።

እታለም፣ አምና ምን ብለሽን ነበር? አባታችን ቁስል የሚያሽሩበት ቅጠል ውስጥ ዓይን የማያየው ሻጋታ ይኖራል፣ ተህዋሲውን የሚገድለው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ እርጥቡን ለቤተ ሙከራዬ ላኩልኝ አላልሽም? እሳቸው ደግሞ ስሙ የወጣ መድኃኒት አይሠራም ባይ ናቸው። ማንም እንዳይለየው በእሳት አድርቀው፣ ከሌላ ቅጠል ቀላቅለው፣ ወቅጠው ሰጡኝ፤ እኔም ጅሉ ጠቅልዬ ላክሁ። የሞተ ነገር አይበቅልልኝም ብለሽ ስትደውይ ነው ካንቺም እንደደበቁ የገባኝ። ተናድጄባቸው ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ባለፈው እሑድ ጠሩኝና ስሙን በኽምጣኛ ነገሩኝ። በአማርኛ ምን እንደሚባል እሳቸውም አያውቁም። ጥናቱ ዓመታት ይፈጃል ብላኛለች እፀገነት፣ ለእኔ ባይደርስ ለሌላው ይድረስ አሉኝ። ወዲያው ፃግብጂ ወረድሁ። ካሉኝ ገደል ሥር ያገኘሁት ጉድጓድ ብቻ ነው። ለካ አባታችን አምና ለልጄ አይነስባት ብለው ያለውን በሙሉ ከነሥሩ ነቅለውት ኖሯል! ክረምቱ መልሶ ያበቅለዋል ብለው ይሆናል፤ ዝናቡ ግን ቀረ። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ ስሙን የሰማ እንኳ ጠፋ። እንዲያው ምን ዓይነት ዕድል ነው የኛ?

ስመለስ ላክህላት ወይ አሉኝ። ላክሁላት አልኋቸው። ምን ልበል ታዲያ? ከዚያ ወዲህ ሲነጋ ሲመሽ ደረሳት ወይ፣ በቀለላት ወይ ነው ጥያቄያቸው።

እናታችን ደመቀች ዓይንሽን ትስማለች። እኅታችን ማስተዋል ሊድያን ሳሚልኝ ብላለች። ለካሤም ሰላምታዬ ይድረሰው።

እግሩ የሚቆረጠው በመድኃኔ ዓለም ማግሥት ነው። በበዓሉ ለት ስትደውይ ስልኩን ለእሳቸው እሰጣለሁ። አደራሽን፣ በቅሎልኛል በያቸው።

ወንድምሽ መልሰው
ሰቆጣ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.